ባለ ሁለት ዓይኗ ሴት

ጋረደው ላይ እግዜር ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «በገዳሪፍ ገበያ እኔ ያልጻፍሁበት በር ካለ ባለቤቱ ከስሯል ማለት ነው» ይላል፤ ሲል ደግሞ አይስቅም። እውነት ለመናገር ብዙም አልዋሸ። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የፀጉር አስተካካዩ መቀስ፣ በየሎሪው ግንባር ላይ ያለው «ማሻ አላህ» ሁሉ የእጁ ሥራ ነበር። ዐረብኛ ማንበብ ሳይችል ዐረብኛ ይጽፋል። ፊደሉን እንደ ሐረግ እያየ ይሥለዋል፤ አንድም ሱዳኒ ስሕተት አውጥቶበት አያውቅም። «ኸጣጥ» ይሉታል፣ ጽሑፍ አሳማሪ ማለታቸው ነው፤ እሱም ስሟን እንደ ደጃዝማችነት ተቀበላት።

ከሠራው ሁሉ የሚኮራባት ግን በዘይት ቆርቆሮ ላይ የሣላት አንዲት ሴት ናት። ኋላ ከሩቅ ጣቢያና ከተማ፣ ከኡም ጋርጉርም ከሀዋታም እየመጡ ግልባጯን አሠርተውታል። እሷኑ ታዲያ መጀመሪያ አበላሽቷት ነበር። ይህን ራሱ ነው የሚናገረው፤ እኔ ምን ቆርጦኝ።

ጋረደው ሱዳን የገባው በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ቁረይሻ ላይ አንድ መከር አጨደና ወገቡ እምቢ አለው። አንድ ቀን ቀለሙ የተላላጠ ሎሪ ቆሞ ሲያይ ሹፌሩን ቀለም አስገዝቶ ጽሑፉን አደሰለት፤ አዲሱ ከአሮጌው በለጠ። ኻላስ፣ አለቀ፤ በዚያው ማጭድ ጣለ።

እጁን ያፍታታው ግን አገር ቤት፣ ወገራ፣ አጎቱ ዘንድ ነው። አጎቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ለተማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣንና ከሃዲ ግን በጎን ይሣላል፣ ያለችው አንድ ዓይን ብቻ ናት። ጋረደው በአሥራ አምስት ዓመቱ የሲኦሉን ጥግ እንዲቀባ ቢታዘዝ፣ ለአንዱ ባለ አንድ ዓይን ሰይጣን የጭቃ ሹሙን አፍንጫ ገጠመለት። አፍንጫው ደግሞ አገር የሚያውቀው አፍንጫ ነበር። እሑድ ምእመኑ ከቅዳሴው ይልቅ ጥጉን ሲያይ ዋለ፤ አጎቱም ቡርሹን ቀምተው አባረሩት። ይችን ታሪክ ለሰማም ላልሰማም ያወራታል። እናንተም ያዟት፣ ትፈለጋለች።

ሰባ ሰባት መጣ። ሰማዩ ነፈገ፣ አገሩ ተነቀለ፣ ሰው በመተማ በኩል ወደ ጋላባት እንደ ጎርፍ ወረደ። በጥር ወር ጎረቤቱ ጀማሉ፣ የጎንደሩ እስላም ባለሱቁ፣ ከጋላባት ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ከማዳበሪያው ላይ አንዲት ሴት አወረደ።

«እህትህ ናት አሉ» አለው። «ከመንገድ ያገኟት ሰዎች ናቸው የሰጡኝ። ገዳሪፍ ወንድም አላት፣ ጋረደው ይባላል ብለው። እነሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ተጫኑ።»

አሰፋች ነበረች። ትቷት ሲመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ በሰባት ዓመት አንድ ደብዳቤ አልተላላኩም። አቀፋት። አላቀፈችውም። እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ቆማለች፤ በገዳሪፍ ሙቀት!

ምግብ ሲሰጣት ትንሽ ትቀምሳለች፤ ሲያናግራት አትመልስም። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እጆቿን እንደዚያው ሰብስባ ትቀመጣለች። በሳምንቷ በቀትር ፀሐይ ተነሥታ ወጣች፤ ወደ ምሥራቅ፣ በመጣችበት መንገድ። ሮጦ መለሳት። ሁለተኛ ጊዜ ያገኛት የሎሪ ሹፌር ነው፤ ከከተማው ርቃ ጥቁሩ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። ሹፌሩ ሲያወርዳት ጋረደውን ለብቻው ወሰድ አደረገና «ሦስተኛ ጊዜ በሕይወት አታገኛትም» አለው።

ከዚያ በኋላ ጋረደው ጠዋት ጠዋት ውሃና ኪስራ፣ የሱዳኑን ስስ እንጀራ፣ እያስቀመጠላት በሩን በገመድ ከውጭ ያስር ጀመር። ለእሷ ብሎ ነው፤ እሱም ይህንኑ ለራሱ ይነግረዋል። ነገር ግን ቋጠሮዋን የሚቋጥረው ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን ተመልክቶ ነበር። ሰው ሲጠይቀው «ወባ ይዟት ነው» ይላል። መጅኑን፣ እብድ ናት ይሉብኛል ብሎ ፈራ። ከለቀቃት ሜዳ ላይ ትቀርበታለች፣ ካሰራት በቁሟ ታልቅበታለች፤ ሌላ መንገድ አልታየውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና፣ ገበያ ውስጥ ከበፊቱ ይልቅ ይቀልድ ነበር።

በግንቦት ወር እትዬ ሣህሊቱ የሚባሉ ሴትዮ ፈልገውት መጡ። ጎንደር ድሬሰር ነበሩ፤ አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የስደተኛ ጣቢያ ነው የሚያክሙት። ቁጭ አላሉም።

«የሥጋ ቤቱን በሬ አንተ ነህ የሣልኸው?»

«እኔ ነኝ። ሰው አይቶት ነው ሥጋ የሚያምረው» አለ።

«እንግዲያው ስማ። እህሉ መጥቶልኛል፣ መድኃኒቱም አለ። ሰው ግን እህሉ አጠገብ ተቀምጦ ያልቅብኛል። ሐዘን የዋጠ ሰው እህል የሚውጥበት ቦታ አጣ! ቤተሰቡ ደግሞ አበደ ይባልብናል ብሎ ይደብቀዋል፤ ከድንኳኑ ጀርባ ያስቀምጠዋል። የሚያስሩም አሉ።»

ጋረደው ሳል ያዘው።

«ሰው ገብቶ የሆዱን የሚያወራባት አንዲት ድንኳን ለይቼ አቁሜያለሁ» አሉ እትዬ ሣህሊቱ። «የሚገባባት ጠፋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ብዬ ምላሴ ደረቀ። በሯ ላይ ሥዕል እፈልጋለሁ። ጽሑፍ አይደለም፣ ማን ያነበዋል? ያየው ሁሉ ‹ይኼ እኮ የኔም ነው› ብሎ አፉን የሚከፍትበት ሥዕል።»

«ይኼን ነው እንዴ? በሁለት ቀን» አለ ጋረደው።

አራት የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ጠፈጠፈና አጋጥሞ መታው፤ ነጭ ቀባው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ በሩ ሥር ቁጭ አለ። የሚሣለውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። አሰፋች እንደ ወትሮዋ ግድግዳውን እያየች ነበር። ያየውን ሣለ፤ ጉንጯን፣ የከሳ አንገቷን፣ የተሰበሰቡ እጆቿን፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን። ማን ያውቃታል ብሎ ነው። አምሮለት ነበር። ራሱ «ወይ ጋረደው!» አለና ለሎሪ ሰጥቶ ላከው።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሣህሊቱ ቶሎ ይምጣ ብለው ላኩበት። ሊመሰገን መስሎት ነጩን ሸሚዙን ለበሰ። ፀጉሩንም ተቀባ! ጣቢያው ሲደርስ ሥዕሉ ላይ አመድ በውሃ ተለውሶ ተለጥፎበታል። ወደ ድንኳኗ ይወስድ የነበረው መንገድ ሣር ሊያበቅል ምንም አልቀረው፤ ሰው በሩቅ የሚዞርበት አዲስ መንገድ አውጥቷል። ዓይኑ እያየ አንዲት ሴት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና አለፈች።

የጣቢያው ሽማግሌ አያ ደጉ ከጥላው ተነሥተው መጡ።

«አንተ ነህ የሣልኸው?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ገና አልገባውም።

«ክርስቲያን አይደለህምን ልጄ?»

«ምን ማለትዎ ነው አያ?»

«ሰይጣን በሩ ላይ አስቀምጠህብን ማን ይግባ? ዓይኗ እኮ አንድ ነው።»

እናንተዬ፣ ይኼ በጭቃ ሹሙ አፍንጫ አገር ያሳቀ ሰውዬ፣ ሕጉን ከዳዊት በፊት የተማረ ሰውዬ፣ አሁን ነው ያየው! ያዘነች ሴት ልሣል ብሎ ሰይጣን ሥሎ አቁሟል። ሰውም እዚያ ድንኳን የገባ የአጋንንት ነው ብሎ ደመደመ። ሙስሊሞቹ እንኳ ዓይን ቢቆጥሩም ባይቆጥሩም፣ ጎረቤቶቻቸው የሸሹትን እነሱም ሸሹት። ጋረደው በቁሙ ፊቱ ጋለ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ድሮም ሰው የፈራት ድንኳን በእሱ እጅ ጨርሳ ተፈራች።

«ለምን ፊቷን አዞርኸው?» አሉ አያ ደጉ፤ አልተቆጡም።

«እንዲያው ከራሴ ነው የሣልኋት፤ ተሳሳትሁ» አለ።

እትዬ ሣህሊቱ አመዱን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። ሥዕሉን እስከ ተረከዙ አዩና ዞር አሉ። «ከራሱ የሣለ ሰው የተረከዝ ስንጥቅ አይቆጥርም። ማን ናት ጋረደው?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ወባ ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ የሥዕሉን ተረከዝ አየና «እህቴ ናት» አለ። አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ «በሩን አስሬባት ነው የመጣሁ» ብሎ ጨመረ።

ይጮኹብኛል ብሎ ጠበቀ። እትዬ ሣህሊቱ ጨርቁን አጠፉ። «ሂድና ፍታት። ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ሣላት።»

«ተነሥታ ብትሄድብኝስ?»

«አብረሃት ሂዳ!»

ቆርቆሮውን ተሸክሞ ተመለሰ። ገመዱን ሲፈታ ራሒማ፣ የጀማሉ ሚስት፣ ከአጥሩ ማዶ ቆማለች።

«የአሰፋች ወባ እንዴት ዋለ?»

«ወባ አይደለም» አለ ጋረደው። ከዚያም ያለውን ሁሉ ነገራት፣ መውጣቷንም መታሰሯንም።

«ወላሂ እሱንማ እናውቃለን» አለች ራሒማ። «አራት ወር የሚይዝ ወባ የት አገር አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንተ ዝም ስትል እኛ ምን እንበል? እናቴም ወንድሜ የሞተ ጊዜ ዓመት ሙሉ ድምፅ አልነበራትም። ሴቶቹ ተራ ገብተው አጠገቧ ይውሉ ነበር፤ ሌላ መድኃኒት አልነበረንም። እንደው አንተ ጥጋበኛ፣ ቋጠሮ ከምትቋጥር አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ተቆጣችና በዚያው ቁጣዋ አጥሩን ዞራ ገባች፤ አሰፋች አጠገብ ቁጭ አለች። በማግሥቱም መጣች፣ በማግሥቱም።

ጋረደው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በእህቱና በግድግዳው መካከል ተቀመጠ። በአራት ወር ውስጥ ፊቷን ፊት ለፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የእናታቸው ዓይን ነው። ይህን አለማወቁ አናደደው፤ ምን አጋጥሞሽ ነው ብሎ አንድ ቀን ዓይኗን አይቶ ሳይጠይቃት፣ ስትሄድ ብቻ ተረከዟን ሲጠብቅ ከርሟል። አሮጌውን ፊት በነጭ ደፍኖ እንደ አዲስ ጀመረ። በሩ ክፍት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ አሰፋች ተነሥታ ወጣች። ቡርሹን ጥሎ ተከተላት። እጇን አልያዘም፣ ተመለሽም አላለም፤ ጎን ለጎን ሄዱ። ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ቆመችና ምሥራቁን ብዙ አየች። እሱም አየ። ምን እንደሚያይ አላወቀም እንጂ አየ። ከዚያ ራሷ ዞረች። ሦስተኛው ጊዜ ይኼው አለፈ፤ በሕይወት ተመለሰች።

ሥዕሉ ሲያልቅ ያቺ ሴት ትልልቅ ሁለት ዓይኖቿን ከፍታ ያያትን ሁሉ ታይ ነበር። እጆቿን ግን እንዳያቸው ተዋቸው፤ ደረቷ ላይ ጎበጥ ብለው የተሰበሰቡ። ቆርቆሮውን ሎሪው ላይ የሚያስርበት ቢያጣ የበሩን ገመድ አምጥቶ አሰረበት። አሰፋችንና ራሒማን ጋቢና አስገብቶ እሱ ከላይ ከሥዕሉ ጋር ተሳፈረ። በራስ መተማመኑ ተመልሶለት ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ከላይ ሆኖ ሰላም ይላል።

ድንኳኗ በር ላይ ሥዕሉን ሲያቆም ሰው ከሩቅ ተሰበሰበ። አያ ደጉ ቀረቡ። ዓይኗን በጣታቸው ቆጠሩ፣ አንድ፣ ሁለት። «እሷማ ሰው ናት» አሉ ጮክ ብለው፤ ይህን ሲሉ ሰዉ ጠጋ አለ። ያኔም ቢሆን ወደ ድንኳኗ የገባ የለም። እትዬ ሣህሊቱ አንድ ነገር ሊሉ ሲነሡ ራሒማ ክንዳቸውን ያዘች።

አሰፋች ከሰዉ መካከል ወጥታ ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆመች። ጣቷን አንሥታ የሴቲቱ እጆች የጎበጡበት ላይ፣ ክፍት የቀረው ነጭ ቦታ ላይ አደረገች።

«እቅፏን ለምን ባዶ ተውኸው?» አለች። የሻከረ፣ ለራሷም አዲስ የሆነባት ድምፅ ነው።

ጋረደው የሰማውን አላመነም። «ምን አልሽ አሰፉ?»

«ልጇስ?»

«የማን ልጅ?»

«የኔ ልጅ። ታምሬ።»

ልጅ እንዳላት አያውቅም ነበር። አራት ወር ሙሉ ያያቸው እነዚያ እጆች ሰው ታቅፈው እንደ ነበር አላወቀም። ሥሎም አላወቀም!

«ጓንግ ወንዝ ሳንደርስ ነው» አለች አሰፋች፤ ለእሱ ሳይሆን ለሥዕሏ እንደምትነግር። «ዋንዛ ሥር አስቀመጥሁት። ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ እኔ መቆፈሪያ የለኝ። ገና ይሞቅ ነበር። አፈር ላለብሰው ነበር የምሄደው። አንተ በሩን አሰርህብኝ።»

«አዎን፣ አሰርሁብሽ» አለ ጋረደው። ያ ሁሉ ሰው እያየው አለቀሰ፤ ዕንባውን በነጩ ሸሚዝ እጅጌ ጠረገ። «አላወቅሁም። ሳልጠይቅሽ አሰርሁብሽ።»

ከዚያ ጋረደው የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር አደረገ። የቀለም ጣሳዎቹን ከፈተ፣ ቡርሹን አወጣ፣ ሥዕሉ ሥር ተንበረከከ።

«ምን ይመስል ነበር?» አላት።

አሰፋች አጠገቡ ቁጭ አለች። «ግንባሩ የአባባ ነው፣ ሰፊ» አለች። «እንዲያ አይደለም፣ ከዚያም ይሰፋል።» እሱ ይሥላል፣ እሷ ታርማለች። ቁንጮ ነበረችው። ከታች ሁለት ጥርስ አብቅሎ ነበር፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። አውራ ጣቱን ይጠባል፣ የግራውን። በምን እንደ ታመመ ተናገረች፣ ስንት ቀን እንዳዘለችው ተናገረች፣ ማን ውሃ እንደ ሰጣትና ማን እንደ ነሣት ተናገረች። እትዬ ሣህሊቱ ወደ ድንኳኑ ሊያስገቧት ፈልገው አያ ደጉ «ይተዉአት፣ እዚሁ ትጨርስ» አሉና እሳቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ።

ከኋላ አንዲት ሴት «የኔዋ ሴት ነበረች» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ዞሮ «ስሟ ማን ነበር?» አላት። ነገረችው። እሱ ደግሞ አባቱን ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ በዚያ ሜዳ ላይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆነ ሲያወራ ድምፁ እንደ ገበያ ሆነ። እትዬ ሣህሊቱ ከማን ልጀምር ብለው መካከል ላይ ቆመው ቀሩ።

ጋረደው ግን ይህን አልሰማም። የልጁ ዓይን ላይ ደርሶ ቡርሹ ቆሞበታል። አጎቱ ሲኦልና ገነት አስተምረውታል፣ ይህን አላስተማሩትም።

«ተኝቶ ላድርገው? ልጨፍንለት?» አላት ቀስ ብሎ።

አሰፋች እጆቿን ከደረቷ ፈታች። በአውራ ጣቷ የሕፃኑን ግንባር ጠርዝ፣ ገና ያልደረቀውን ቀለም ነካ አደረገች።

«የለም» አለች። «ሁለቱንም ዓይኑን ክፈትለት።»

ከፈተለት።